ወደ ግራ ይስባል

አቶ ደመላሽ የጌም ማጫወቻውን በሁለት እጃቸው ብድግ አድርገው ክብደቱን ገመቱ። ከዚያ ወደ ጎን አጋድመው ሆዱን ዳበሱት፤ አገላብጠው ጀርባውን አዩት፤ በመጨረሻም ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡት።

«ይተነፍሳል» አሉ።

«ማራገቢያው ነው ጋሽ ደመላሽ» አለ አብዱልአሊም። «እንዳይግል ያቀዘቅዘዋል።»

«ይግላል ማለት ነው?»

«ብዙ ከሠራ ትንሽ ይሞቃል።»

«ዕድሜውስ?»

አብዱልአሊም ጭንቅላቱን አከከ። «አራት… አራት ዓመት ገደማ ይሆነዋል።»

«ገና ጉልበታም ነው» አሉ አቶ ደመላሽ፣ ደስ ብሏቸው።

የኔአለም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜ አባት ሱቅ መሐል ቆመው የጌም ማጫወቻ ሆድ ሲዳብሱ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ከባንኮኒው ኋላ የቆመችው ጓደኛዋ ጀነት፣ የአብዱልአሊም ታናሽ እህት፣ በሻርፗ ጫፍ አፏን አፍና ከሳቋ ጋር ትታገላለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጥፋቱ ግን የማንም ሳይሆን የራሷ የየኔአለም ነው። አብዱልአሊም ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ መሆኑንና ማጫወቻውን እንደሚሸጠው ጀነት በነገረቻት ቀን «አባዬን ይዤ እመጣለሁ!» ብላ የተንደረደረችው እሷ ናት። አባቷ ማን እንደሆኑ ረስታ ነው እንጂ! በደምበጫ ዙሪያ በሬ የሚገዛ ሰው አቶ ደመላሽን ሳያማክር ገመድ አይጨብጥም። ጥርስ ያያሉ፣ ሻኛ ይዳብሳሉ፣ አረማመድ ያጠናሉ። ይኸው ዛሬ ያ ሁሉ ዕውቀታቸው በአንድ ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ላይ አረፈ።

«ከኳሱ ሌላስ ጌሞቹ ብዙ ናቸው?» አለች የኔአለም፣ ወሬውን ለማስቀየር።

«ሞልቷል ስልሽ!» አለ አብዱልአሊም። «ኳስ አለ፣ መኪና አለ፣ ቡጢ አለ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን እኔም ከፍቼ አይቻቸው አላውቅ። ለኳሱ ብቻ እንኳ ብትገዢው አይቆጭሽም።»

«መልካም» አሉ አቶ ደመላሽ። «እንግዲያው ከገበያ እስከ ገበያ ወስደን እንሞክረዋለን።»

«ምን?»

«እንሞክረዋለን። በሬ ስትገዛ ሳትጠምደው ትገዛለህ?»

«እኔ በሬ ገዝቼ አላውቅም ጋሽ ደመላሽ።»

«እኔም ይሄን ገዝቼ አላውቅም። ስለዚህ የማውቀውን ላድርግ። ከተስማማት ትወስደዋለች፤ ካልተስማማት እንደ ሄደ ይመለስልሃል። ዋስ እንጠራለን።»

ጀነት ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ እጇን አወጣች። «እኔ ዋስ እሆናለሁ!»

«ለማን?» አላት ወንድሟ ዓይኑን አፍጥጦ።

«ለየኔአለም ነዋ! ብትሰብረው፣ ብታበላሸው፣ ብታታልልህ… በእኔ!»

«የኔ እህት አይደለሽም እንዴ አንቺ?»

«ለዚህማ ነው የምታምነኝ።»

አቶ ደመላሽ ከልባቸው ሳቁ። አብዱልአሊምም ደንበኛ እየጠበቀው ስለነበር «እሺ በቃ!» ብሎ ሽቦውን መጠቅለል ጀመረ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ወደ ቤት ሲሄዱ አባቷ ማጫወቻውን በጋቢያቸው ሸፍነው እንደ ጨቅላ አቅፈውት ነበር። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ የመንገድ መብራቱ አልቆ እርሻው የሚጀምርበት አካባቢ ነው።

«ስሚ ልጄ» አሉ መንገድ ላይ። «ጉልማው ያንቺ ነው፣ ድንቹም ያንቺ ነው፤ እኔ ግዢ አትግዢ አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ጠዋት ጠዋት የማይስብ በሬ የለም። እኔ የማየው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ሲከርበት፣ ሲደክመው። አንቺም እንደዚያ እዪው።»

ጉልማ ማለት ለልጅ ከቤተሰቡ መሬት ላይ ተቆርሳ የምትሰጥ የግል እርሻ ናት። ልጁ ያርሳታል፣ ይዘራባታል፣ ያርማታል፤ ምርቷም የልጁ ነው። የየኔአለም ጉልማ ከቤቱ ጓሮ ያለች ጠባብ መሬት ስትሆን ድንች ትተክልባታለች። ከድንቹ ያጠራቀመችው ገንዘብ እናቷ ዘንድ ተቀምጧል። ለማጫወቻው ግን አይበቃም። እንዲበቃ ከተፈለገ ቆጡ ላይ ለዘር የተቀመጠው ድንችም አብሮ መሸጥ አለበት። እሱ ከተሸጠ ደግሞ ዘንድሮ ክረምት ጉልማዋ ጦሟን ታድራለች። የኔአለም ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ታውቃለች ግን ልቧ አርፎ አልተቀመጠም።

ልቧ የማያርፍበት ምክንያት ነበረው። ባለፈው ዓመት ከጀነት ጋር ሆነው ከተማው ውስጥ ካለው ጌም ቤት ገብተው ነበር። በሩን እንዳለፉ ያ ሁሉ ወንድ ጨዋታውን ጥሎ ዞረ። አንዱ «እናንተ! ሴቶች መጡ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው «ተሳስታችሁ ነው፣ ፀጉር ቤቱ ቀጥሎ ነው» ብሎ ሙድ ያዘባቸው። ሳይጫወቱ ወጡ። የኔአለም ዛሬም ድረስ ያን ልጅ ስታስታውስ ደሟ ይፈላል። ከዚያ ወዲህ ኳስ ብቻ የሚጫወቱት አብዱልአሊም ሳይኖር በዚሁ ማጫወቻ፣ በሱቁ ጓዳ፣ በስኳር ጆንያዎች መሐል ተቀምጠው ነው። አሁን ደግሞ እሱም ሊቀርባት ነው።

እናቷ ወይዘሮ ጤናዬ ማጫወቻው ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲገጠም ወገባቸውን ይዘው ተመለከቱ።

«እና ይሄ ነገር ይታለባል?» አሉ።

«እማ ደግሞ!»

«አይ፣ ይሄን ያህል ታቅፎ ሲመጣ ጥገት መስሎኝ ነው።»

መጀመሪያ የከፈተችው ኳሱን ነው። ወይ ደስታ! አጎንብሶ የሚያይባት የለ፣ ተራ የሚጠብቅ የለ፣ «በቃ ተነሺ» የሚል የለ። ያን ቀን ማሽኑን ደጋግማ አሸነፈችው። በማግስቱ ጀነት መጥታ ተፋለሙ፤ ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። ጀነት ጎል በገባባት ቁጥር «ኦፍሳይድ ነው! ወላሂ ኦፍሳይድ ነው!» እያለች ከቴሌቪዥኑ ጋር ትከራከራለች። አቶ ደመላሽ ከደጅ ሆነው «ምን ሆናችሁ? እባብ ገባ?» እስኪሉ ድረስ።

ጀነት ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ኳሱ ያው ኳስ ሆነ። የኔአለም ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደክሟታል፤ ሒሳብ ፈተና ተፈትናለች፣ ውኃ ቀድታለች። አባቷ «ሲደክም እዪው» ያሉት ትዝ አላትና ከፈተችው። ማሽኑን አሸነፈችው። ደግማ አሸነፈችው። ከዚያ አዛጋች። መኪናውን ሞከረች፤ መኪናው እየከነፈ ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ቦታ ይመጣል። ቡጢውን ስትከፍት እናቷ ሊጥ በነካው እጃቸው ከጓዳ ወጡ።

«ኧረ በማርያም! ምን ቢበድለው ነው እንዲህ የሚቀጠቅጠው?»

«ጌም ነው እማ።»

«ጌምም ቢሆን ምክንያት ያስፈልገዋል! አጥፊው፤ ሆዴን ባር ባር አለኝ።»

አጠፋችው። እውነቱን ለመናገር እሷም ብዙ አልቆጫትም። ከተደረደሩት ሥዕሎች ጫፍ ላይ፣ ከሁሉም መጨረሻ፣ አንዲት ትንሽ ጀልባ የተሣለችበት ነበረች። አብዱልአሊም ከፍቶ አይቶት ከማያውቀው ውስጥ መሆኗ ነው። የኔአለም ምንም ሳትጠብቅ ነካቻት።

ባሕር መጣ። ከዳር እስከ ዳር ባሕር ብቻ። ከቤቱ ሦስት ሰዎች አንዳቸውም ባሕር አይተው አያውቁም። ወይዘሮ ጤናዬ ሊጡን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ባሕሩ ላይ አንዲት ልጅ በጀልባ ትቀዝፋለች። ታላቅ እህቷ ቀይ ሸራ ባላት ጀልባ ወጥታ አልተመለሰችም፤ ልጅቱ እሷን ፍለጋ ከደሴት ወደ ደሴት ትሄዳለች። በየደሴቱ የተቆለፈ ነገር አለ፤ ሰዎቹን አነጋግሮ፣ አካባቢውን አስተውሎ መክፈት ነው። የተከፈተው ነገር ውስጥ እህቲቱ ትታው የሄደችው ነገር ይገኛል፤ አንዱ ጋ ማበጠሪያ፣ አንዱ ጋ የአንድ እግር ጫማ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የኔአለም መዝገበ ቃላቷን ከጎኗ አስቀምጣ ለእናትና ለአባቷ እየተረጎመች ነው የምትጫወተው። ያልገባትን ከራሷ ትጨምርበታለች።

ሁለተኛዋ ደሴት ላይ የደወሎች ቤት ነበር። ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ እያሉ ደወሎች ተሰቅለዋል፤ በተራቸው ካልተደወሉ በሩ አይከፈትም። የኔአለም ማክሰኞ ማታ እዚያ ላይ ተጣበቀች። ትልቁን ደወል ስትነካው ሁሉም ነገር እንደገና ይጀምራል። በነገታው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ሳለ በድንገት ገባት፤ ትልቁ የመጨረሻ ነው! መምህሩ «ምን አገኘሽ?» እስኪሏት ድረስ ጠረጴዛውን መታችው።

ይህ ጌም ሲደክማት አልደከመም። አቶ ደመላሽ እንኳ ከሜዳ ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ «የት ደረሰች?» ማለት ጀመሩ።

«ያች ልጅ ግን ስንቅ አልያዘችም እንዴ?» አሉ አንድ ቀን ከልባቸው አዝነው።

«ጌም ውስጥ አይራብም አባዬ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ያን ሁሉ እየቀዘፈች?»

እናቷ ደግሞ በየማታው ጥያቄያቸው አንድ ነው። «እህቲቱ ተገኘች?»

«ገና ነው እማ።»

«ይቅናት እንግዲህ። የእናቷን ነገር ሳስብ ነው እኔ።»

ሐሙስ ዕለት የኔአለም የጀልባዋን ካርታ ስትከፍት አንድ ደሴት ብቻ መቅረቱን አየች። ከደሴቱ አጠገብ ቀይ ነጥብ ብልጭ ድርግም ይላል። ቀዩ ሸራ! ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። ነገ ትጨርሰዋለች። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ የሙከራው ቀን ያበቃል። ይህ ጌም ካለቀ ማጫወቻው ውስጥ የሚቀረው ምንድነው? ኳሱ፣ መኪናው፣ ቡጢው። ለእነሱ ብላ የዘር ድንቿን ልትሸጥ? ምን ቆርጧት!

ታዲያ ጨርሳ ብትመልሰውስ? ጀልባዋንም ተጫውታ፣ ድንቿም ቆጡ ላይ ተቀምጦ። ሐሳቡ በጣም ጣፈጣት። ምክንያትም አላት፤ ጆይስቲኩ ሳይነካ እንኳ ትንሽ ወደ ግራ የመሄድ አመል ነበረበት። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ቆይታ ቀስ እያለች ወደ ግራ ታዘነብላለች። «ማጫወቻው ጥሩ ነበር፤ ጆይስቲኩ ወደ ግራ ይስባል እንጂ» ትለዋለች አብዱልአሊምን። ውሸት አይደለ! አልጋዋ ላይ ሆና ቃሉን ተለማመደችው፣ ፊቷንም ቅር እንደተሰኘ ሰው አደረገችው። አራዳ ነሽ የኔአለም፣ አለች ለራሷ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ሮጣ ገባች። ጫማዋን እንኳ በወጉ አላወለቀችም። ጀልባዋ ወደ መጨረሻው ደሴት ጉዞ ጀመረች። ወይዘሮ ጤናዬ ሥራቸውን ሁሉ ጨርሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቤተ ዘመድ ሊቀበሉ የተቀመጡ ይመስል ከጎኗ ተቀምጠዋል።

በዚህ መሐል ጎረቤታቸው መሳፍንት መጣና አቶ ደመላሽን ደጅ ላይ አገኛቸው። በሩ ክፍት ስለሆነ የሚነጋገሩት ሁሉ ይሰማል።

«አያ ደመላሽ፣ በሬ ላገኝ ነው መሰለኝ። ባለቤቱ ከገበያ እስከ ገበያ ጠምደህ ሞክረው ብሎኛል።»

«እሰይ! ሞክረው። እንደዚያ ሰውዬ ግን እንዳትሞክረው!» ብለው አቶ ደመላሽ ሳቁ።

«እንደ የቱ ሰውዬ?»

«ዳልቻ በሬዬን የወሰደው ነዋ! አልነገርኩህም? ልክ እንዲህ ግንቦት ላይ፣ ሁሉም ሰው ለእርሻ ሲራወጥ ነው። ልሞክረው አለ፣ ሰጠሁት። ጧት ጠምዶ ማታ እየፈታ ያን ሁሉ መሬቱን ገልብጦ ሲጨርስ እየነዳ አመጣልኝ። ምን ጎደለው? አልኩት። ምን ቢል ጥሩ ነው?»

«ምን አለ?»

«ወደ ግራ ይስባል!»

መሳፍንት በሳቅ ፈረሰ። ቤት ውስጥ የየኔአለም ጣት ጆይስቲኩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ይስብ ነበር እንዴ ዳልቻ?» አለ መሳፍንት ሳቁን እየዋጠ።

«ይስብ ነበር እንጂ! ትንሽ ይስብ ነበር፤ ስሰጠውም ነግሬዋለሁ። ሰውየው አልዋሸም። የመለሰው ግን በእሱ ምክንያት አልነበረም።»

«እና ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ገመዱን ተቀብዬ ገባሁ። የበሬዬ ጫንቃ ተልጦ ነበር። ያዘንኩት በዚያ ነው።»

ከዚያ ወሬው ወደ ዝናቡ ዞረ። የኔአለም ግን አንድም ቃል አልሰማችም። ጆሮዋ እንደ ፍም ጋለ። መጀመሪያ የተናደደችው በአባቷ ነበር፤ ሰው ከስንት ቀን መርጦ ይህን ታሪክ ዛሬ ያወራል? ቀጥሎ በመሳፍንት ተናደደች፤ ምን አስመጣው? ከዚያ የሚናደዱበት ሰው አለቀባትና ራሷ ብቻ ቀረች።

ቴሌቪዥኑ ላይ ጀልባዋ በራሷ ጊዜ ቀስ እያለች ወደ ግራ ታዘነብላለች። ፊት ለፊት ደሴቱ ቆሟል። ከቋጥኙ ጀርባ የቀይ ሸራ ጫፍ በነፋስ ይወዛወዛል። ትንሽ ብትቀዝፍ ትደርሳለች።

«ይኸው! ይኸው ሸራው!» አሉ ወይዘሮ ጤናዬ ጉልበቷን እየመቱ። «ሂጂ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ብትሄድ ማን ያያል? አብዱልአሊም ስለዚህ ጌም የሚያውቀው ነገር የለም። ማጫወቻው ጫንቃ የለው፣ አይላጥ። ግን ጀነት በዚያ ሱቅ ውስጥ እጇን አውጥታ «ብታታልልህ በእኔ!» ያለችው ትዝ አላት። ጀነት ያን ስትል እየሳቀች ነበር። እየሳቀች የተናገረችው ለቀልድ ሳይሆን፣ የኔአለም እንዲህ ታደርጋለች ብላ በሕልሟም ስለማታስብ ነው። ጨርሳው ብትገዛስ? ባዶውን ልትገዛ፣ ጉልማዋም ባዶ ሊሆን። እህቲቱን ማግኘት ፈልጋለች፤ በጣም ፈልጋለች።

የደረሰችበትን መዘገበችና ማጫወቻውን አጠፋችው።

«ምነው? መብራት ሄደ?» አሉ እናቷ።

«አልሄደም እማ።»

«እህቲቱስ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት ምንድነው? ደርሳ የለም እንዴ! ኧረ እኔ ዛሬ እንዴት ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ?» ወይዘሮ ጤናዬ ከምራቸው ተቆጡ። የኔአለም ሽቦውን እየነቀለች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ትንሽ ያቃጥል ነበር።

አቶ ደመላሽ ሲገቡ ማጫወቻው ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አገኙት። ሽቦውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ነገ አብሬሽ ልሂድ?»

«አይ አባዬ። እኔው እመልሰዋለሁ።»

አባቷ ለመንገዱ ብለው ጋቢያቸውን አውጥተው ሰጧት።

ቅዳሜ ሱቁ በሰው ተጨናንቋል። የኔአለም ከባጃጅ ወርዳ በሸማቾች መሐል እየተጋፋች ገባችና ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። አብዱልአሊም ለአንዲት ሴት ጨው እየመዘነ ቀና ብሎ አያት።

«ልትመልሺው? ምን ጎደለው?»

ልክ አባቷ ዳልቻን ሲቀበሉ እንደጠየቁት። ያ የተለማመደችው ቃል ሳትጠራው ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ።

«ጆይስቲኩ ትንሽ ወደ ግራ ይስባል» አለች። «የምመልሰው ግን በእሱ አይደለም።»

«ታዲያ?»

«አንድ ጌም ወደድኩ። ሳምንቱን ሙሉ ተጫወትኩት፤ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። እሱ ካለቀ በኋላ ሌሎቹን ብዙም አልፈልጋቸውም። ስለዚህ… ሳልጨርሰው አመጣሁልህ።»

አብዱልአሊም ጨው መመዘኑን አቆመ። «ቆይ፣ ቆይ። ካልገዛሽው ጨርሰሽው አትመጪም ነበር? ማን ያውቅብሻል? አንቺ ልጅ ፋራ ነሽ እንዴ?»

«አፍህን ያዝ!» አለች ጀነት ከመደርደሪያው ሥር ብቅ ብላ። «ዋሷ እዚሁ ቆማለች!»

ጨው የምትገዛው ሴት ነገሩ ምንም ባይገባትም «ልጅቱ ልክ ናት» ብላ ፈረደች። አብዱልአሊም ሳቀ። ጥቅሉን ፈትቶ ማጫወቻውን እያየ «ለመሆኑ የትኛው ጌም ነው?» አለ።

«ጀልባዋ። ከሁሉም መጨረሻ ያለችው።»

«ያቺ? እሷ ደግሞ ምን አላት?»

የኔአለም ልትነግረው ጀመረችና ተወችው። በሁለት ቃል የሚነገር ነገር አልነበረም። «እያት እስቲ» ብቻ ብላው ወጣች።

ወደ ቤት በእግሯ ነው የተመለሰችው። ጋቢው ባዶውን ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ስትሄድ ትንሽ ከፋት፣ ትንሽ ቀለላት፤ የትኛው እንደሚበልጥ ሳትለይ ደረሰች። ከዚያ መሰላል አቁማ ቆጡ ላይ ወጣች። የዘር ድንቾቿ ጠንካራ አጫጭር ቡቃያ አውጥተው በቆጡ ጭላንጭል ብርሃን ይጠብቋታል። አንድ በአንድ እያነሣች የተበላሸውን ከደኅናው ለየች። ከታች እናቷ መሰላሉን ይዘው ስለ እህቲቱ ያማርራሉ፤ በሕይወት መኖሯን ብቻ እንኳ ባውቅ ይላሉ።

ሰኞ ጠዋት ጀነት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። ከሩቅ ስታያት መሳቅ ጀምራ ነበር።

«ወንድሜን ጉድ አደረግሽው!» አለች።

«ምን ሆነ?»

«ቅዳሜ ሱቅ ዘግተን ስንገባ ያቺን ጀልባ ልያት ብሎ ከመጀመሪያዋ ጀመረ። እስካሁን አልተነሣም በዪው! ትናንት ምሳ አልበላም፤ እናቴ ተቆጥታ ተቆጥታ ደከማት፣ አሁን እሷም አብራው ታያለች። የሚገዛ ሰው መጥቶ ነበር፤ ‹ስጨርሰው ና› ብሎ መለሰው። ባሕር ዳርም ሰኔ ሳይገባ አልሄድም ብሏል።»

የኔአለም ሳቋ መጣ፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ እስኪደክማት ሳቀች።

«አሁን ግን ተጣብቋል» አለች ጀነት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደወሎች ያሉበት ቤት ውስጥ ነው። ‹ለየኔአለም ንገሪያትና እንዴት እንደሚከፈት ትላክልኝ፣ በነቢ!› ብሎኛል። እንዴት ነው የሚከፈተው?»

የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። ልጆች እየተጋፉ አለፏቸው። የኔአለም አልተንቀሳቀሰችም። በዓይኗ ላይ ቋጥኙ መጣባት፣ ከጀርባውም የቀይ ሸራ ጫፍ በነፋስ ሲወዛወዝ።

«ትልቁን ደወል እስከ መጨረሻው እንዳይነካው በዪው» አለች። «ሌላ ቦታም ከተጣበቀ እነግረዋለሁ፤ ሁሉንም እነግረዋለሁ።»

«እሺ።»

«የመጨረሻው ደሴት ጋ ሲደርስ ግን ብቻውን እንዳይገባ። እናቴን ይዤ እመጣለሁ፤ እስክንደርስ ይጠብቀን።»